ድራይቨሩ ምን አጠፋ?

በዚህ ሴሚስተር ላብ ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ቅሬታ አለ። «የዳታቤዙን ድራይቨር ወደ አዲሱ ቨርዥን ቀየርኩትና ሁሉ ነገር ተበላሸብኝ» ይላል አንዱ። ሌላው «ነግሬህ ነበር፣ የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ሁለቱም ተስማምተው ድራይቨሩን ይረግሙና የድሮውን በፍላሽ ፈልገው መልሰው ይጭናሉ። እኔም እስከ አምና ድረስ ከረጋሚዎቹ ወገን ነበርኩ። ዛሬ ግን የተለየ አስተያየት ስላለኝ፣ አንባቢዎች ትንሽ ከታገሳችሁኝ፣ እንዴት ሐሳቤን እንደቀየርኩ ልንገራችሁ።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስል አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ድራይቨር ማለት እኛ በፒኤችፒ ወይም በጃቫ የጻፍነውን ፕሮግራም ከዳታቤዙ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ ነው። አስተርጓሚ በሉት። የፕሮግራሙን ጥያቄ ተቀብሎ ሰርቨሩ በሚገባው ቋንቋ ይልካል፣ መልሱንም ይዞ ይመጣል። ሁለት ሰዎች በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ ጠብ ከተነሳ መጀመሪያ የሚወቀሰው አስተርጓሚው ነው። የድራይቨርም ዕጣ ይኸው ነው።

አምና ለኢንተርንሺፕ እኔና አንድ ጓደኛዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ተመደብን። መሥሪያ ቤቱ የባለጉዳዮችን መዝገብ የሚይዝበት ሲስተም ነበረው። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሰው በፒኤችፒ 5 እና በማይኤስኪውኤል ሠርቶት ሄዷል፤ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም፤ የጻፈው ማስረጃም የለም። ሲስተሙ ያለበት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንጫጫ ጀመር። ስለዚህ ለውጡ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልነበረም፤ ችግሩ የምር ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ፣ ኡቡንቱ 22.04 ተጫነበት፣ ከእሱ ጋር ፒኤችፒ 8.1 እና ማይኤስኪውኤል 8.0 መጣ። ሥራው ለእኛ ተሰጠ። የተሰጠን ጊዜ አንድ ሳምንት።

መጀመሪያ ብልጥ የሆንን መስሎን ዳታቤዙን ብቻ ወደ አዲሱ ማሽን ወስደን ፒኤችፒውን በድሮው ላይ ተውነው። የድሮው ድራይቨር አዲሱን ሰርቨር ገና ሰላም ከማለቱ «ሰርቨሩ 255 የሚባል የማላውቀው የፊደል ስብስብ ላከልኝ» ብሎ ተቋረጠ። 255 ማለት ማይኤስኪውኤል 8.0 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ነባሪ ያደረገው የዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አደራደር መለያ ቁጥር ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ያኔ ሁለታችንም «እንግዲህ ሁለቱንም አብረን እናንሳ» ብለን ተነሳን። ያ መልእክት ስለ ፊደል የሚናገር መሆኑን ልብ ያለው አልነበረም። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እንዲህ አለፈን።

ፒኤችፒውን ስናዛውር ደግሞ ማይኤስኪውኤል ኮኔክት የሚባለው ፈንክሽን ጭራሽ የለም ተባልን። እውነት ነው፣ የለም። የድሮው የማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን እ.ኤ.አ. በ2013 በፒኤችፒ 5.5 «ይህን መጠቀም አቁሙ» ተባለበት፣ በ2015 መጨረሻ በወጣው ፒኤችፒ 7.0 ደግሞ ወጥቶ ተጣለ። በየፋይሉ እየፈለግን በማይኤስኪውኤልአይ ተካነው። የሞከረው ያውቀዋል፤ ስሙ ላይ አንዲት «አይ» መጨመር ብቻ ይመስላል እንጂ የድሮው መጀመሪያ ጥያቄውን ቀጥሎ ግንኙነቱን ሲቀበል፣ አዲሱ መጀመሪያ ግንኙነቱን ይፈልጋል። ፈልጎ መተካት ብቻውን አያድንም። ይህ አንድ ቀን ወሰደብን፤ ግን ቀላሉ ክፍል እሱ ነበር፣ ምክንያቱም ስህተቱ ፊት ለፊት ይጮሃል።

አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከፒኤችፒ 8.1 ጀምሮ ማይኤስኪውኤልአይ ሰርቨሩ አልቀበልም ያለውን ነገር እንደ ድሮው ውጦ አይቀመጥም፤ ፕሮግራሙን አስቁሞ ይናገራል። ስለዚህ ገጾቹ አንድ በአንድ ይሞቱ ጀመር። አንዱ ገጽ ከዓመታት በፊት የተሰረዘ ቴብል ይፈልጋል። ሌላው ባዶ ቀን፣ ማለትም ዓመቱም ወሩም ቀኑም ዜሮ የሆነ ቀን፣ ሊያስገባ ይሞክራል። ሦስተኛው የግድ መሞላት ያለበትን ቦታ ሳይሞላ ይመዘግባል። እነዚህ ስህተቶች አዲስ አልነበሩም። ለአሥር ዓመት እዚያው ነበሩ፤ የሚናገር ብቻ ነው ያልነበረው።

እኛ ምን አደረግን? አፋቸውን ዘጋነው። ኢንተርኔት ላይ ካገኘነው ምክር የሰርቨሩን ጥብቅ አሠራር ባዶ የሚያደርግ አንድ መስመር፣ ድራይቨሩ ስህተት እንዳይናገር የሚያደርግ ሌላ አንድ መስመር ወሰድን። ሁሉም ገጽ ተከፈተ። ጓደኛዬ «አለቀ!» ብሎ እጄን መታኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው መሰለኝ፤ እኛ ግን ደብቀን ስናበቃ ቡና ልንጠጣ ወጣን።

በማግስቱ መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት ጠሩን። ሃያ ዓመት እዚያ የሠሩ ናቸው፤ እኛም እንደ ቤቱ ሰው «እትዬ» ነበር የምንላቸው።

«ልጆች፣ የሰዉ ስም ሁሉ ፈረንጅኛ ሆኗል» አሉ።

ስናይ እውነትም የአማርኛው ስም ሁሉ ጭረት ባለበት የላቲን ኤ እና በልዩ ልዩ ምልክቶች ተሞልቷል። ይህን ምስል ያላየ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ለምን ሁልጊዜ ያቺ ባለጭረት ኤ እንደምትደጋገም ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ከሀ እስከ ፐ ያሉት መደበኛ ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ያ ባይት ደግሞ በላቲን1 ሲነበብ ባለጭረት ኤ ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ የመጀመሪያዋም ሁሌ እሷው ናት።

«እትዬ፣ የማሳየት ችግር ነው፣ ሰኞ እናስተካክለዋለን፤ እስከዚያ ሥራዎትን ይቀጥሉ» አልናቸው።

«ዛሬ ያስገባኋቸው ግን ፈረንጅኛም አይደሉም፣ የጥያቄ ምልክት ብቻ ናቸው» አሉ።

«ያው ነው እትዬ» አልን። ያው አልነበረም። እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህች መልስ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይኤስኪውኤል እስከ 8.0 ድረስ ሌላ ካልነገሩት በስተቀር ነባሪው ላቲን1 ነበር፤ አደራደሩም የስዊድንኛ ነው፤ ኩባንያው የስዊድን ስለነበር። (እነ አበበና እነ ከበደ ለዓመታት በስዊድንኛ ተራ ሲሰለፉ ኖረዋል ማለት ነው።) ያ ሲስተሙን የሠራው ሰው ስለ ፊደል ምንም ሳይነግረው ቴብሎቹን ሠራ። የድሮው ድራይቨርም ከሰርቨሩ ጋር በላቲን1 ተነጋገረ። አማርኛው በባይት ደረጃ ሲገባ ሰርቨሩ «የላቲን ጽሑፍ ነው» ብሎ ሳይነካው ያስቀምጣል፤ ሲወጣም ሳይነካው ይሰጣል፤ ብራውዘሩ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያውቃልና አማርኛውን ያሳያል። ሁለት ውሸት ተደማምሮ እውነት መሰለ። ለአሥር ዓመት ሠራ።

አዲሱ ድራይቨር የሰርቨሩን አዲስ ነባሪ ተከትሎ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ተነጋገረ። ሰርቨሩም እንደ ደንቡ ተረጎመ። የድሮውን ስም ሲያወጣ «ይህ ላቲን ነው ብላችሁኛል» ብሎ እያንዳንዱን ባይት እንደ ላቲን ፊደል ቆጥሮ ሰጠ። መልኩ ያስፈራ እንጂ አንዲት ባይት አልጠፋችም። አዲሱን ስም ሲያስገባ ግን ትክክለኛ አማርኛ መጣለት፤ ሊያስቀምጥበት የተሰጠው ሳጥን ደግሞ የላቲን ነው፤ በላቲን ውስጥ «አ» የሚባል ፊደል የለም። በጥብቅ አሠራሩ ቢሆን ኖሮ «ይህን ማስቀመጥ አልችልም» ብሎ እምቢ ይል ነበር። እኛ ጥብቅነቱን አንስተንበታል። ስለዚህ በየፊደሉ ፋንታ አንዳንድ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ፤ እሱም ቀስ ብሎ ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ የሚሰማው አልነበረም። እንግዲህ ያ ቅርጹ የሚያስፈራው መዝገብ ደኅና ነበር፤ ያ ንጹሕ የሚመስለው የጥያቄ ምልክት ግን የጠፋ የሰው ስም ነበር። ከጥያቄ ምልክት ወደ ስም የሚመልስ ምንም ዓይነት ኮማንድ የለም።

ሰኞ ዕለት ግንኙነቱን ወደ ላቲን1 የሚመልስ አንድ መስመር ጨመርን። የድሮው ስም ሁሉ በአንዴ ተመለሰ፤ እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። የሁለት ቀኑ ስም ግን የጥያቄ ምልክት እንደሆነ ቀረ። የዳነው በወረቀት ነው። ባለጉዳዮቹ በእጃቸው የሞሉት ቅጽ በፋይል ነበርና እትዬ አንድ በአንድ እያነበቡልን እኛ መልሰን ጻፍነው። «ወረቀት ይቅር» የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ጋር አልከራከርም፣ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ላልጽፈው እችል ነበር። ከደነገጥን በኋላ ጥብቅ አሠራሩን መልሰን ከፈትነው፣ ድራይቨሩም እንዲናገር ፈቀድንለት። ወዲያው የአባት ስም ላይ «ጽሑፉ ለቦታው ረዘመ» የሚል ስህተት መጣ። ስሙ ገብረመድኅን ነበር። ቆጠርን፤ ሰባት ፊደል ብቻ ነው። ሳጥኑ ሃያ የሚይዝ ነው። እንዴት ሰባቱ ከሃያ ይበልጣል? ያ ሃያ የላቲን ሃያ ነው። ሰባቱ ፊደል በሦስት ሲባዛ ሃያ አንድ ባይት ነው። በአንዲት ባይት ምክንያት «ን» ትቀራለች። ወልደጊዮርጊስማ ስምንት ፊደል ስለሆነ ሃያ አራት ነው።

ይህን ለእትዬ ስንነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። «አዎ፣ እነ ገብረመድኅን ድሮም ይቆረጣሉ እኮ። መታወቂያው ሲታተም የመጨረሻዋን ፊደል በእስክሪብቶ እንጨምርላቸዋለን» አሉን። ኮምፒውተር ሲባል ረጅም ስም አይወድም ብለው ነበር የሚያስቡት። ለአሥር ዓመት ያህል ድሮ የነበረው ሰርቨር ስሙን ቆርጦ እየጣለ «ተመዝግቧል» ሲል ኖሯል። ሰዎቹ በእስክሪብቶ የተጨመረበት መታወቂያ ይዘው ሌላ ቦታ ሲሄዱ ተሰርዞ ተደልዟል ተብለው ስንት ጊዜ ተመልሰው ይሆን? ይህን ጉድ ያወጣው ማነው? እኛ ስንረግመው የነበረው አዲሱ ቨርዥን ነው።

እንግዲህ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ከአፕግሬድ በኋላ የሚመጣ «ኮምፓቲቢሊቲ ችግር» የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ድራይቨር የፈጠረው ችግር አይደለም። የድሮው ዝም ብሎ የተሸከመውን አዲሱ አልሸከምም ማለቱ ነው። ሁልጊዜ ነው አልልም፤ የላይብረሪ ሠሪዎችም ይሳሳታሉ፣ አንዳንዴም ያለ በቂ ምክንያት ስም ይቀያይራሉ። የእኛ ልማድ ግን መልእክቱን ሳያነቡ መልእክተኛውን ማባረር ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ማይኤስኪውኤል 4.1 እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የይለፍ ቃል አያያዙን ቀየረ፤ አሥራ ስድስት ምልክት የነበረው ወደ አርባ አንድ አደገ። የድሮ ድራይቨሮች በር ላይ ቀሩ። ያኔ ሰዉ ያደረገው የይለፍ ቃሉን በድሮው ዘዴ መልሶ ማስቀመጥ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ 8.0 ነባሪውን የመለያ ዘዴ እንደገና ሲቀይር ሰዉ እንደገና ተጠቃሚውን ወደ ቀድሞው ዘዴ መለሰ። ያ ቀድሞው ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 8.4 ላይ በነባሪነት ተዘጋ፣ በዚያው ዓመት በወጣው 9.0 ላይ ጨርሶ ተወገደ። ስለዚህ በ2018 «ተገላገልኩ» ያለ ሰው ስድስት ዓመት ነው የተበደረው። መበደር ክፉ ነው አልልም፤ አንድ ሲስተም ዛሬ ማታ መሥራት ካለበት እኔም እበደራለሁ። ዕዳውን የሚጽፍ ግን አላየሁም።

«ታዲያ አለመንካት አይሻልም?» የሚለው ክርክር ጓደኞቼ ዘንድ ኃይለኛ ነው። መልሴ፣ አለመንካት የእኛ ምርጫ አይደለም የሚል ነው። ፒኤችፒ 5.6 የደኅንነት ጥገናው ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው፤ ማይኤስኪውኤል 5.7 በጥቅምት 2023። እኛ ባንነካው ሃርድ ዲስኩ ይነካዋል፣ መብራት ይነካዋል። ያን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጥድፊያ ይደረጋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው እንደ እኛው ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዲፓርትመንታችን ልምጣ፤ መምህራን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ ስንማር አንድ ሲስተም አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ለፈታኞች ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ በሲዲ ሆኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዕድሜው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱም በላፕቶፓችን ላይ በዛምፕ ነው የሚሠራው። ዛምፕ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ይዞ የሚመጣው ማይኤስኪውኤል ሳይሆን ማሪያዲቢ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ የመለያ ዘዴያቸውም ነባሪ አደራደራቸውም ይለያያል። ስለዚህ «እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» የሚለው መሐላ ዋጋ የለውም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ሃንድአውቶች ውስጥ ደግሞ በ2015 የተጣለው ማይኤስኪውኤል ኮኔክት አሁንም በክብር ተቀምጧል። ዩቲኤፍ8 ብላችሁ ሥሩ የሚለውም ቢሆን ይታረም፤ ማይኤስኪውኤል ያንን ስም የሰጠው እስከ ሦስት ባይት ብቻ ለሚይዘው ነው። ለአማርኛ ይበቃል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የገቡት የጉራጊኛ ተጨማሪ ፊደሎች አራት ባይት ስለሚፈልጉ ከዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ውጭ ቦታ የላቸውም። የሰውን ስም በትክክል መያዝ የማይችል ሲስተም በዚህ አገር ምን ይሠራል?

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በዳታቤዝ ኮርስ ከሚሠሯቸው ፕሮጀክቶች አንዱ ከዚያ ቁም ሣጥን የወጣ የቀድሞ ተማሪ ሲኒየር ፕሮጀክት ይሁን። በአዲስ ኮምፒውተር፣ በአዲስ ቨርዥን ያስነሱት። ማርኩ የሚሰጠው ለመነሳቱ ብቻ ሳይሆን የትኛው ስህተት ምን እንደተናገረ፣ የትኛው ለጊዜው ዝም እንደተባለና ለምን እንደሆነ ለጻፉት ማስታወሻ ይሁን። መዝገቡም በቅጂ ላይ ይሞከር። እኛም መጨረሻ ላይ ያደረግነው ይህን ነው። የላቲኑን ሳጥን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብትቀይሩት ሰርቨሩ ብልሽቱን በታማኝነት ተርጉሞ ያጸናዋል፤ መጀመሪያ ወደ ጥሬ ባይት፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሲሄድ ነው አማርኛው አማርኛ ሆኖ የሚወጣው። ይህን በእውነተኛው መዝገብ ላይ ሳይሆን በቅጂ ላይ ተሳስተን ነው የተማርነው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል፣ ማንም አልተጎዳም።

ጊዜ የለም፣ ላቡም ጠባብ ነው እንደሚባል አውቃለሁ። እውነትም ነው። ግን ከባዶ የሚሠራ ስድስተኛ የላይብረሪ ማኔጅመንት ሲስተም ከምናይ በዚያ ሰዓት አንድ የሞተ ሲስተም ብናስነሳ ይሻላል ባይ ነኝ። የቀድሞ ተማሪዎችን ሥራ ማዋረድ ይሆናል የሚል ሥጋት የሰማሁት ደግሞ ከአንድ መምህር ነው። ተገቢ ሥጋት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ እንዲነሳ የራሴን የሁለተኛ ዓመት ፕሮጀክት ለቢሮው ሰጥቻለሁ። ቆጥሬዋለሁ፤ ሳጥኑ ላቲን ነው፣ የአባት ስምም የሚይዘው ሃያ ነው።